የቤት እንስሳት የፊት እግርና ትከሻ ስያሜዎች፤ በአንድ ረቂቅ ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአዋሽና በሰመራ ከተሞች ለእንስሳት ጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንዲሆን በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ረቂቅ የቃላት ዝርዝር ነው። ረቂቁ ገና ያልታተመ ስለሆነ አዘጋጆቹን በስም መጥቀስ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ዝርዝሩ መላውን የእንስሳት አካል የሚመለከት ቢሆንም፣ እኛ ከውስጡ የመረጥነው ስለ ፊት እግርና ስለ ትከሻ የሚናገረውን ክፍል ብቻ ነው። ምክንያታችንም ግልጽ ነው፤ የሰውን አካል ስም አንሥቶ በአራት እግር በሚሄድ ፍጡር ላይ የመለጠፍ ልማድ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በዚህ የአካል ክፍል ላይ ነው።

የስያሜ ጥያቄ በከተማ ጽሕፈት ቤት ሲነሣ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከብቱና ግመሉ የሚታመመው በአፋርኛ ተናጋሪው እጅ ነው፤ ሕመሙ በጤና ሠራተኛው መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው በአማርኛ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው በሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ እብጠት ከአርብቶ አደሩ አፍ ተነሥቶ ከሐኪሙ መጽሐፍ እስኪደርስ ሦስት ቋንቋ ያቋርጣል። መካከለኛው ድልድይ አማርኛው ስለሆነ፣ ድልድዩ ላይ ያለው ቃል ሁለት ትርጉም ካለው መረጃው እዚያው ይሰበራል። ረቂቁን የምናየው እንግዲህ በዚህ ዐይን ነው።

አስቀድሞ መመስገን ያለበት ይመስገን። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ቃል ከሥዕል ጋር አያይዘዋል፤ ይህ ከእኛ አገር የሙያ መዛግብት ብዙዎቹ የጎደላቸው ነገር ነው። «ክርን»፣ «ብብት»፣ «ሰኮና» የሚሉትን ቃላት ሳይነኩ መተዋቸውም መልካም ነው። «ክርን» ከግእዙ «ኵርናዕ» ጋር የሚዛመድ፣ በገጠርም በከተማም የማይሳት ቃል ነው፤ የላሚቱም ክርን ከደረቷ ጎን ተለጥፎ ለሚያይ ሁሉ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው አዘጋጆቹ የሕዝቡን ቃል ትተው የባዕድ መጽሐፍ ሲገልጡ ነው።

የመጀመሪያው እንከን በክፍሉ ርእስ ላይ ነው። ረቂቁ የፊት እግርን «የላይኛው እግር»፣ የኋላውን «የታችኛው እግር» ይለዋል። ይህ ለቆመ ሰው የተበጀ አነጋገር ነው፤ ሰው ቆሞ ሲሄድ እጁ ከላይ፣ እግሩ ከታች ነውና። ላሚቱ ግን አራቱንም እግሮቿን ያሳረፈችው በአንድ መሬት ላይ ነው። በላቲን የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የእንስሳት አካል ስያሜ ዝርዝር ገና በ1968 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ ሲወጣ ይህን ጣጣ ተገንዝቦ፣ የፊተኛውን በደረት፣ የኋላኛውን በዳሌ ስም ጠርቷቸዋል፤ አቅጣጫውንም «ወደ ራስ» እና «ወደ ጅራት» በሚሉ ቃላት አስተካክሏል። አማርኛ ግን ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። «የፊት እግር» እና «የኋላ እግር» ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ማንም እረኛ ይላቸዋል። ያለውን ትክክለኛ ቃል ጥሎ የተሳሳተ አዲስ ቃል መፍጠር በስያሜ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

ከዚህ የከበደው በትከሻው ላይ ያለው ነው። ረቂቁ «የአንገትጌ አጥንት» የሚል ስም ይዟል፤ ፍቺውንም «ትከሻን ከደረት ጋር የሚያያይዝ አግዳሚ አጥንት» ብሎ ሰጥቷል። ስለ ቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንገትጌ የሸሚዝ እንጂ የአካል አለመሆኑን ተናግረን እናልፍ ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ ከቃሉ ይልቅ በነገሩ ላይ ነው። በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመል፣ ፈረስና አህያ ይህ አጥንት የላቸውም። ሰው አለው፤ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚሠራው በዚያ አጥንት ድጋፍ ነው። ሰኮናና ኮቴ ያላቸው የቤት እንስሳት ግን የፊት እግራቸው ከአካላቸው ጋር በአጥንት አይገናኝም፤ የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ነው። ከትከሻው አጥንት የውስጥ ገጽ ተነሥቶ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ከጎድን አጥንቶችና ከአንገት አጥንቶች ላይ የሚያርፍ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ የደረቱ ሣጥን በግራና በቀኝ በዚህ ጡንቻ፣ በአንቀልባ እንደ ታዘለ ልጅ፣ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ከእንስሳው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሸከሙት የፊት እግሮች ስለሆኑ፣ ይህ አሠራር እንስሳው ሲሮጥና ሲዘል የሚደርስበትን መንቀጥቀጥ ያለዝብለታል።

ይህን ለመረዳት የአካል ጥናት መጽሐፍ መግለጥ አያሻም፤ ከአንድ ሉካንዳ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ሥጋ ቆራጩ የኋላ እግርን ከዳሌ ለመለየት መጋጠሚያውን ፈልጎ፣ ቢላውን ካጥንት ጋር አታግሎ ነው። የፊቱን ሲያወጣ ግን ቢላውን ከብብት በኩል አስገብቶ በትከሻውና በጎድኑ መካከል ያሳልፈዋል፤ አጥንት አይነካውም። ያ ከነትከሻው አንድ ሆኖ የሚወጣው አካል በአማርኛ ስም አለው፤ «ወርች» ይባላል። ወርች ከትከሻው አናት እስከ ታች ያለውን በአንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ሳይንሱ «የደረት እግር» ብሎ የሚከልለውን አካል ድንበሩን ሳያዛንፍ ይሸፍናል። ረቂቁ ይህን ቃል አንድም ቦታ አላነሣውም።

ለምን እንዳላነሣው እንገምታለን። ወርች፣ እንደ ዳቢትና እንደ ሽንጥ፣ እንደ ፍሪምባና እንደ ጎድን፣ የሥጋ ቤት ቃል ስለሆነ ለሳይንስ አይመጥንም ተብሎ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል፤ አንቀበለውም። የማንኛውም አገር የአካል ጥናት ቃል ከእርድ፣ ከጦር ሜዳና ከወጌሻ ቤት የመጣ ነው። ቃሉን ለሳይንስ የሚያበቃው የተወለደበት ቤት ሳይሆን የሚጠቁመው ነገር ግልጽነት ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ዛሬም ከእጃችን የማይለየው ባላገሩ የሚናገረውን ስላልናቀ ነው።

አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ወርች በታረደው እንስሳ ላይ እንጂ በቆመው ላይ አይነገርም የሚል። አነጋገሩ በአብዛኛው እንደዚያ መሆኑን አንክድም። ይሁንና አንድን ቃል ከተለመደበት ጠባብ አገባብ ወደ ሰፊው ማውጣት የስያሜ ሥራ ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ሰሚው ቃሉን ያውቀዋልና፣ የሚጠየቀው እንዲያስፋፋው ብቻ ነው። «የላይኛው እግር» ሲባል ግን ሰሚው የሚያውቀውን እንዲረሳ ይጠየቃል።

ወደ ዝርዝር አጥንቶቹ ስንገባ ረቂቁ የቃል በቃል ትርጉም ሰለባ ሆኗል። ሰፊውና ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት «የትከሻ ምላጭ» ተብሏል። የእንግሊዝኛው ቃል ጠፍጣፋነትን ሲያመለክት፣ ተርጓሚው ስለትን ወሰደ። በዚሁ አጥንት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጉብታ ደግሞ «የትከሻ አከርካሪ» ሆኗል፤ አከርካሪ የጀርባ ነው እንጂ የትከሻ አይደለም። አንድ ሠልጣኝ «አከርካሪውን ዳስስ» ቢባል እጁን የት ያሳርፋል? እኛ አጥንቱን «የትከሻ ሰሌዳ»፣ በላዩ ያለውን ጉብታ «የሰሌዳው ሸንተረር» ብንለው እንመርጣለን። ሸንተረር ተራራውን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በከሳ ከብት ላይም ከሩቅ ይታያል። ከሰሌዳው አናት ላይ ያለውን፣ በሰው ላይ የሌለውን ለስላሳ አጥንት ረቂቁ ጨርሶ ዘሎታል፤ ከሰው አካል መጽሐፍ እየተቀዳ መሆኑን ከሚያጋልጡት ምስክሮች አንዱ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው «የመድፍ አጥንት» ነው። ከፊት ብርክ በታች ያለውን ረጅምና ቀጥ ያለ አጥንት እንግሊዝኛው ከመድፍ ጋር በሚጋራው ስም ይጠራዋል። ነገር ግን አጥንቱ መድፍን ስለሚመስል አይደለም፤ ሁለቱም ስሞች ሸንበቆ፣ ቧንቧ ከሚል አንድ ጥንታዊ ቃል የወረዱ ናቸው። ተርጓሚው ወንድማማቾቹን አይቶ አባታቸውን ሳይጠይቅ ቀረ። ቢጠይቅ ኖሮ «ሸንበቆ አጥንት» የሚል የአማርኛ ስም በነጻ ባገኘ ነበር፤ ቅርጹንም፣ ባዶ ውስጡንም፣ በአዋሽ ዳር የበቀለውን ተክልም በአንድ ላይ የሚያስታውስ። በግመልና በከብት ላይ ይህ አጥንት ሁለት የነበረው ተጣብቆ አንድ የሆነ መሆኑም በፍቺው ውስጥ ቢገባ ሠልጣኙን ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ጉልበት እንምጣ፤ የሰው ገንዘብና የሰው ጤና የሚነካው እዚህ ነው።

በአማርኛ ተራ አነጋገር የከብት ጉልበት ሁለት ዓይነት ነው፤ ከፊት እግር መካከል ያለውም፣ ከኋላ እግር ላይ ከሆድ ጥግ የተሸሸገውም ጉልበት ይባላል። በአካል ጥናት ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም። የኋላው ከሰው ጉልበት ጋር አንድ ነው፤ የፊቱ ግን ከሰው የእጅ አንጓ ጋር የሚተካከል፣ በትንንሽ አጥንቶች የተደረደረ መጋጠሚያ ነው። ረቂቁ በአንዱ ገጽ «የእጅ አንጓ»፣ በሌላው «ጉልበት» እያለ ለአንድ መጋጠሚያ ሁለት ስም ሰጥቶታል። «የእጅ አንጓ» በሳይንስ ረገድ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ላም እጅ አላት ብሎ የሚያምን እረኛ አናገኝም። «ጉልበት» ደግሞ ማንም ይገባዋል፤ የትኛው ጉልበት እንደሆነ ግን አይለይም።

ይህ አለመለየት ምን ያመጣል? በአፍሪካ አርብቶ አደሮች ከብት ዘንድ፣ በፊት እግር ብርክ ላይ የሚወጣ ውኃ የቋጠረ እብጠት በመንጋው ውስጥ ብሩሴሎሲስ መኖሩን ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው። ብሩሴሎሲስ ላሟን ያስጨነግፋታል፤ ወተቱ ሳይፈላ ሲጠጣም ወደ ሰው ይተላለፋል። ጥሬ ወተት የዕለት ምግብ በሆነበት አገር፣ በመዝገብ ላይ «ጉልበቱ አብጧል» ተብሎ የተጻፈው የፊቱን ይሁን የኋላውን ካልለየ፣ በከተማ ተቀምጦ መዝገቡን የሚያነበው ሐኪም ከምልክቱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። እንደዚሁም አባ ጎርባ ወፍራም ጡንቻ ባለበት በወርችና በታፋ ላይ ይወርዳል፤ እብጠቱ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል። እብጠቱ ከጡንቻው ላይ ነው ወይስ ከመጋጠሚያው ላይ? «ትከሻው አብጧል» የሚለው አጻጻፍ ይህን ጥያቄ አይመልስም። «የወርቹ ሥጋ አብጧል» የሚለው ግን ይመልሳል።

ለፊቱ መጋጠሚያ «ብርክ» የሚለውን እናቀርባለን። በግእዝ ጉልበት ማለት ነው፤ በአማርኛም «ብርክ ያዘው» ስንል፣ «በርከክ አለ»፣ «ተንበረከከ» ስንል በውስጡ ይኖራል። ግመል ለመጫን ሲያስተኙት አስቀድሞ የሚያጥፈው የፊቱን ነው፤ ተንበረከከ የምንለውም ያን ጊዜ ነው። ቋንቋው ራሱ ቃሉን ከትክክለኛው መጋጠሚያ ላይ አስቀምጦ ቆይቷል ማለት ይቻላል። እንግዲህ «ብርክ» ለፊቱ፣ «ጉልበት» ለኋላው ይሁን። ከሕዝቡ ጋር ሲነጋገሩ ግን «የፊት ጉልበት» ማለትን የሚከለክል ምክንያት አይታየንም፤ «የፊት» የሚለው ቅጽል እስካልተጣለ ድረስ ስሕተት የለበትም። ከኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሚመስለው መጋጠሚያ ቁርጭምጭሚት እንጂ ጉልበት አለመሆኑን፣ ከበላዩ ያለው ትልቁ ጅማትም «ቋንጃ» መሆኑን ረቂቁ በሚገባ ለይቷል፤ በዚህ ደስ ብሎናል።

ስለ «ሻኛ» ረቂቁ አንድ መስመር ብቻ ሰጥቷል፤ «በጀርባ ላይ ያለ የስብ ክምር» ይላል። ለግመል ያስኬዳል። የግመል ሻኛ ከጀርባው ላይ የተከማቸ ስብ ነው፤ ከፊት እግር ጋር ጉዳይ የለውም። የከብት ሻኛ ግን ስብ ቢኖረውም ዋናው አካሉ ጡንቻ ነው፤ ያውም የትከሻ ሰሌዳን ከአከርካሪ ጋር ከሚያስሩት አንዱ። በመሆኑም ሻኛ በከብት ላይ የትከሻ አካል ነው፤ ከዚህ ክፍልም መግባት አለበት። የሻኛው ቦታ ራሱ ዘር መለያ ነው። ቀንዱ ረዝሞ የሚወጣው የአፋር ከብት፣ ከሳንጋ ወገን እንደ መሆኑ፣ ሻኛው ወደ ፊት ቀርቦ በአንገትና በደረት መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ የቦረና ከብት ሻኛ ግን ወደ ኋላ ገባ ብሎ በትከሻው በላይ ይቆማል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ የከብት ገበያ የቆመ ነጋዴ ይህን ልዩነት በአንድ ዕይታ ያውቀዋል። አንድ መስመር የማይበቃው ለዚህ ነው።

«ጫንቃ» እና «ትከሻ» እንደ ተመሳሳይ መቅረባቸውንም አንደግፍም። ጫንቃ የሸክም ቦታ እንጂ የአጥንት ስም አይደለም፤ የቀንበርና የጭነት ቁስልን ለመግለጽ ይቀመጥ።

ግመሉን በሚመለከት ያለን ቅሬታ ሰፋ ያለ ነው። የደጋው አማርኛ የበሬን አካል ከሽንጥ እስከ ሰኮና በዝርዝር ሲሰይም፣ ለግመል ግን ድኻ ነው። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ የደጋው ክርስቲያን ግመል አርዶ ስለማይበላ ቢላውም ቃሉም አላለፈበትም። ረቂቁ ይህን ክፍተት የሞላው ከበሬ በመበደር ነው። «የግመል ሰኮና» ይላል፤ ግመል ግን የተሰነጠቀ ሰኮና ሳይሆን ሰፊና ለስላሳ መርገጫ፣ በጫፉም ሁለት ጥፍር አለው። አጠቃላዩን «ኮቴ» ማለት፣ ለክፍሎቹም «መርገጫ» እና «ጥፍር» ማለት ይሻላል። ግመል ሲተኛ የሚያርፍባቸው፣ በደረቱ፣ በክርኑና በብርኩ ላይ ያሉት የደነደኑ ቆዳዎች «ትራስ» መባላቸውም አልጣመንም። ጠንካራ ሥራ በእጅ ላይ የሚያወጣውን ደንዳና ቆዳ አማርኛ «መጅ» ይለዋል፤ የደረት መጅ፣ የክርን መጅ፣ የብርክ መጅ ቢባል ትርጉሙ ሳይነገር ይገባል። ከላይኛው የወፍጮ ድንጋይ ጋር በስም መጋራቱ የሚያደናግር አይመስለንም፤ ግመል ላይ ወፍጮ የሚፈልግ የለም።

«ጅማት» በረቂቁ ውስጥ ሦስት ነገር ሆኗል፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ እንዲሁም ስሜትና ትእዛዝ የሚያመላልሰው። የመጨረሻው «ነርቭ» ይባል፤ ቃሉ ከለመደ ቆይቷል። በክርኑ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ እንስሳው ክርኑን አንሥቶ መቆም ያቅተዋል፤ ይህንና የጅማት መበጠስን በአንድ ስም መመዝገብ ሕክምናውን ያሳስታል። የቀሩት ሁለቱ «ጅማት» እና «ማሠሪያ ጅማት» ቢባሉ ይለያሉ። የፊደል አጻጻፉ ነገር፣ «ሰኮና» በአንድ ገጽ በሦስት ዓይነት መጻፉ፣ የአራሚ ሥራ ስለሆነ አንዘገይበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረን ረቂቁ ያላነሣው ጥያቄ ነው፤ አፋርኛው የት አለ? ዝርዝሩ ለአፋር ክልል ተዘጋጅቶ ሳለ አንድም የአፋርኛ ቃል አልያዘም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች ተርታ አስቦታል። የፓርከርና የሄይዋርድ የአፋርኛ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላትም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እጅን «ጋባ»፣ እግርን «ኢባ»፣ አጥንትን «ላፋ» የሚለው ይህ ቋንቋ ለዘመዶቹ ሩቅ አይደለም፤ አጥንት በኦሮምኛ «ላፌ»፣ በሶማልኛ «ላፍ» ነው። ከእነዚህ ከታወቁት ባሻገር ያለውን፣ በተለይም የግመልን አካል ዝርዝር፣ መሰብሰብ ያለበት አፋርኛ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ ከአርብቶ አደሩ ከራሱ፣ እንስሳው ፊት ቆሞ፣ እጁ እያመለከተ። አማርኛውን ካወጡ በኋላ ወደ አፋርኛ መተርጎም ግን አይሆንም፤ ያን ጊዜ የእኛ «ምላጭ» ሌላ ምላጭ ይወልዳል።

ስለዚህ ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በግራው ዐምድ አፋርኛው፣ በመካከሉ አማርኛው፣ በቀኙ ላቲኑ እንዲሰለፍ፣ ያልተሰበሰበው የአፋርኛ ቦታም ባዶ ሆኖ እንዲታይ እናሳስባለን፤ ባዶ ቦታ መሰብሰብ ያለበትን ያመለክታልና። የግመሉ ክፍል ከከብቱ ተለይቶ ለብቻው ይቁም። ይህ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል እናውቃለን፤ «የመድፍ አጥንት» እና «የአንገትጌ አጥንት» ግን ያን ጊዜ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ቢወጡ እንመርጣለን።